ጋሼ ስለ ልጃቸው ዝም ያሉበት ሰሞን

ጋሼ ወሬ አይወዱም የሚል ሰው ካለ፣ ፀጉሩን ሌላ ቦታ የሚቆረጥ ሰው ነው። ከምክር ቤቱ ጀርባ ባለችው መንገድ፣ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መካከል የተሸጎጠችው ሱቃቸው ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ አንድ ሬዲዮና ማለቂያ የሌለው ወሬ ነበራት። የወሬው ርዕስ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ልጃቸው። ስለ ኳስ ተጀመረ፣ ስለ ኑሮ ተጀመረ፣ ጋሼ ዞረው ዞረው እሷው ጋ ይደርሳሉ። ስንተኛ ክፍል ሳለች ኩፍኝ እንደያዛት፣ ሕግ ልትማር ስትሄድ የትኛውን ቀሚስ እንደለበሰች ደንበኛው ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ዳኛ ሆና የተሾመች ዕለትማ አባትየው ከደስታ ብዛት የአንዱን ደንበኛ ጢም ግማሹን ላጭተው ግማሹን ረስተውታል። ሰውየው መኪናው ጋ ደርሶ በመስታወት ፊቱን ሲያይ ነው የተመለሰው።

እንዲህ አፋቸው የማያርፈው ሰው ግን አንድ ነገር አይወጣቸውም፤ ልመና። ሙያውን ያስተማሯቸው ሽማግሌ፣ ምላጭ እንዴት እንደሚያዝ ከማሳየታቸው በፊት ያስጠነቀቋቸው ይህንኑ ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ሰጥቶሃል፣ እንደ ልቡ እምቢ ሊልህ አይችልም፣ ስለዚህ ምንም ነገር አትጠይቀው ብለዋቸዋል። ጋሼ ደግሞ ይህን ሕግ ከመምህራቸው የባሰ አጠበቁት። አንድ ጊዜ የሱቁ መብራት ተበላሽቶ ሳምንታት ሙሉ በጨለማ ሲሠሩ፣ የመብራት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ በመስኮት ብርሃን ይቆረጥ ነበር። ሰውየው "ጋሼ፣ ምነው ዛሬ ቤቱ ጨለመ?" ቢላቸው "ደመና ነው" አሉት። ባለቤታቸው ይህን ታሪክ ለሰው ሲያወሩ እየሳቁ ነው። አንድ ሰሞን ብቻ ሳቁ ጠፋባቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች አንዱ ሲያርፉ ነው። የመቃብራቸው አፈር ሳይደርቅ በወንበራቸው ላይ ሽኩቻ ተነሳ። በሕጉ መሠረት ርዕሰ ብሔሩ ዕጩ ያቀርባሉ፣ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ወረቀት ላይ ያለው ይኸው ነው። መሬት ላይ ግን ሌላ ነው። ምርጫ እየደረሰ ስለነበር ተቃዋሚዎቹ ወንበሩ ባዶ ይቆይ፣ ስናሸንፍ የራሳችንን ሰው እናስቀምጥበታለን ብለው ቆርጠዋል። የገዢው ፓርቲ ሰዎች በበኩላቸው ወንበሩ ዛሬውኑ ይሞላ ይላሉ፣ በማን ሲባሉ ግን እርስ በርሳቸው ዓይንና ናጫ ናቸው። በዚህ መሃል ርዕሰ ብሔሩ ማንም ያልጠበቀውን ስም አወጡ። የይግባኝ ሰሚ ችሎት ዳኛ፣ ገና ወጣት፣ መንግሥት ላይ ለመፍረድ እጇ ያልተንቀጠቀጠ፣ የፀጉር አስተካካይ ልጅ።

ሬዲዮው ዜናውን ሲናገር ጋሼ የአንድ የባንክ ሠራተኛ ማጅራት እያስተካከሉ ነበር። ማሽኑን አጠፉት። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ ዛሬማ እኚህ ሰው እስኪመሽ አያቆሙም ብሎ ለመስማት ተመቻቸ። ጋሼ ሬዲዮውንም አጠፉና የባንክ ሠራተኛውን "ጆሮ አካባቢ ልቀንሰው ወይስ ይቅር?" ብለው ጠየቁት።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የልጃቸው ወሬ ከሱቁ ጠፋ። ምክንያቱ ለእሳቸው እንደ ፀሐይ ግልጽ ነው። ከደንበኞቻቸው ግማሹ የምክር ቤት ሰው ነው። ትናንት "ልጄ ጎበዝ ናት" ማለት ወሬ ነበር፤ ዛሬ ምላጭ ይዞ እንዲያ ማለት መለመን ነው። ሰዎች "እንኳን ደስ ያለዎት" ሲሏቸው አመስግነው ስለ ዝናብ ይጀምራሉ። ስለ ዝናብ የሚያውቁት ደግሞ ይህን ያህል አይደለም፤ መጥቷል፣ አልመጣም፣ አለቀ። ሱቁ ጭር አለ። ከመቀሱ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ለወሬው ሲሉ ብቻ ይመጡ የነበሩ ሁለት ጡረተኞች ቼዝ ለመጫወት ወደ መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ተዛወሩ።

ሽኩቻው እየተካረረ ሄዶ ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነ ተባለ። ያልለየላቸው አንድ ሰው ብቻ ቀሩ። እኚህም ሰፈሩ ባለከዘራው እያለ የሚጠራቸው እንደራሴ ናቸው። የገዢው ፓርቲ አንጋፋ ሆነው ሳለ ዕጩዋ ስትመረጥ ምክር ስላልተጠየቁ አኩርፈዋል፤ ሁለቱም ወገን ይለማመጣቸዋል። እኚሁ ሰው ጋሼ ሱቃቸውን ከከፈቱ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ጢማቸውን የሚላጩት ጋሼ ጋ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣" አሉ የጋሼ ባለቤት የራት ሳህኖቹን እያነሱ፣ "አገር ምድሩ የእኚህን ሽማግሌ ደጅ እየጠና ነው። አንተ አገጫቸውን በእጅህ ይዘህ ዝም ትላለህ?"

"አገጫቸውን ስለያዝኩ እኮ ነው።"

"አንዲት ቃል ናት። 'ልጄን አደራ' ማለት ምን አላት?"

"ምላጭ አንገታቸው ላይ አድርጌ?"

"ምላጩን አስቀምጠውና ተናገር።"

"አስቀምጬ ብናገርም ያው ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ መልሼ አነሳዋለሁ። እሳቸውም ያውቁታል።"

ባለቤታቸው ሳህኖቹን እንደያዙ ትንሽ ቆሙ። "ልጅህ እኮ ናት" አሉ፣ ሳይቆጡ።

ጋሼ ያንን ወንበር ለልጃቸው ምን ያህል እንደተመኙት ሌላው ቀርቶ ለባለቤታቸውም አልተናገሩም።

ልጅቷ ራሷ ምንም አልጠየቀችም። በዚያ ሰሞን አንድ እሁድ መጥታ አብራቸው ምሳ በላች። ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆም አለችና "አባዬ፣ ሱቅ እንዴት ነው?" አለቻቸው። "ደህና ነው" አሏት። የሆነ ነገር የምትጠብቅ ይመስል ቦርሳዋን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረች፤ ከዚያ እናቷን ስማ ወጣች።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሐሙስ ላይ ዋለ። እንደራሴው እንደወትሯቸው በጠዋት መጡ፣ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። ጋሼ አረፋውን ቀቡላቸው።

"ልጅህስ እንዴት ሰነበተች?" አሉ ከአረፋው ሥር።

"ደህና ናት ጌታዬ።"

"ዛሬ እኮ ቀኗ ነው።"

"አዎ። እስቲ ወደ ግራ ዘንበል ይበሉልኝ።"

ዘንበል አሉላቸው። ምላጩ ከጆሮ ሥር ተነስቶ ቀስ እያለ ወረደ። "መቼም አንተ ወልደሃታል" አሉ እንደራሴው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፤ "ከማንም በላይ የምታውቃት አንተ ነህ።" ጋሼ የዓመታት ወሬያቸው ሁሉ ተሰብስቦ ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣ። ዋጡት። ፎጣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ጨመቁና የሰውየውን ፊት ሸፈኑት። በዚያች ሰዓት የገዛ ራሳቸውን ፊት የሚሸፍንላቸው ቢያገኙም ደስ ባላቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጫማ ጠጋኙ ጋ ሄደው በትንሿ ቴሌቪዥን አብረው ተመለከቱ። የሚደግፉ እጅ ያውጡ ተባለ። ካሜራው ባለከዘራውን ፈልጎ አገኛቸው፤ ሁለት እጃቸው ከዘራው ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል። የሚቃወሙ ሲባል የላይኛው እጅ ከታችኛው ላይ ተላቀቀና ወደ ላይ ወጣ። ልጃቸው በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀች። ጫማ ጠጋኙ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ የጋሼን እግር አየና "ጋሼ፣ ተረከዙ አልቋል፣ ያውልቁት ልሥራልዎት" አላቸው። ሌላ ሊያደርግላቸው የሚችለው ነገር አልነበረም። ጋሼ አውልቀው ሰጡት።

በሳምንቱ ባለከዘራው ደግሞ አይመጡም ሲባል መጡ። ጋሼ ወንበሩን አራግፈው አስቀመጧቸው፣ ጨርቁን አንገታቸው ላይ አሰሩላቸው፣ እንደ ሁልጊዜው አድርገው ላጯቸው። እንደውም ከሁልጊዜው ይልቅ ተጠንቅቀዋል። እንደራሴው ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ፣ ከዘራቸውን ያዙ፣ ግን አልወጡም።

"ተቀይመኸኛል?"

"ድምፁ የእርስዎ ነው ጌታዬ።"

"እኔ እኮ አንተን ሰምቼ ነው።"

ጋሼ ምላጩን የሚጠርጉበት እጃቸው ቀጥ አለ። "እኔ ምን አልኩ?"

"ምንም አላልክም። ያሳሰበኝም እሱ ነው።" ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። "ስንት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ እያወራህ ጆሮዬን ስታደነቁረው ኖረሃል። ከታጨች ቀን ጀምሮ ግን ትንፍሽ አላልክም። አፍ አውጥቼ ብጠይቅህ እንኳ ወደ ግራ ዘንበል ይበሉ አልከኝ። የአባት አፍ እንዲህ የሚያዘው አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ አሰብኩ። አባቷ ያላመነባትን እኔ እንዴት ልመንባት?"

ጋሼ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። በሥራ ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ከዚያ ሁሉንም ነገሯቸው፤ መምህራቸው ያሏቸውን፣ አንገቱን የሰጠ ሰው ለምን ምንም እንደማይጠየቅ።

"እና ይህን አስቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ከነገርኩዎትማ ጠየቅኩዎት ማለት ነው።"

የተሰጠ ድምፅ አይመለስም፤ ምክር ቤቱም ወንበሩ እስከ ምርጫው ድረስ ባዶ ይቆይ ብሎ ዘግቶታል። "ሁለት ሽማግሌ ሆነን አንዲትን ልጅ ጉድ ሠራናት" አሉ እንደራሴው በመጨረሻ፣ እና ቀስ ብለው ወጡ።

ጋሼ ሱቃቸውን በጠራራ ፀሐይ ዘግተው ልጃቸው ቤት ሄዱ። ፈቃድ ወስዳ ቤቷ ነበረች። በርጩማ ላይ ወጥታ በተጨማደደ ጋዜጣ የሳሎኑን መስኮት ትወለውላለች፤ ጋዜጣው ላይ የራሷ ፎቶ አለበት።

"አባዬ? ምነው በዚህ ሰዓት፣ እማዬ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ውረጂና ተቀመጪ፣ የምነግርሽ አለኝ።"

ምንም ሳያስቀሩ ነገሯት። እንደራሴው ያሉትንም፣ እሳቸው ያላሉትንም። "ወንበሩን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ" ብለው ጨረሱ።

ልጅቷ ጋዜጣውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። "ለምነሃቸው ቢሆን ኖሮ እቀየምህ ነበር" አለች። "በምላጭህ የመጣ ወንበር ላይ እንዴት አድርጌ እቀመጣለሁ? እሱስ እሺ። ግን አባዬ፣ እኔም እንደሳቸው መስሎኝ ነበር።"

"ምን መሰለሽ?"

"የማታምንብኝ። ሱቅ ስምሽ አይነሳም አሉኝ። የዚያን እሁድ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፣ አንድ ነገር ትለኛለህ ብዬ።"

"እኔ? እኔ እኮ ስላንቺ ያላወራሁለት ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ ይመስክር።"

"ሰፈሩማ ሰምቷል" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። "ያልሰማሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም።"

ጋሼ ወደ ኋላ ሄደው ፈለጉ። እውነቷን ነው። ልጅን ፊት ለፊት ማሞገስ ያበላሻታል እያሉ ለእሷ "በርቺ" ብቻ ብለው፣ የቀረውን ሁሉ ተሸክመው ሄደው ሱቅ ውስጥ ሲያራግፉት ኖረዋል። አሁን መቀስም ማበጠሪያም ያልያዘ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው። ደንበኛ ፊት እንደዚያ የሚፈሰው ቃል፣ እሷ ፊት አንድ አንድ እያለ በጭንቅ ነው የወጣው።

"የመጀመሪያ ችሎትሽ ቀን መጥቼ ነበር" አሉ።

"የት? አላየሁህም።"

"ባርኔጣ አድርጌ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አንዲት አሮጊት ተከሳሽ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። አንቺ መዝገቡን ከመክፈትሽ በፊት መቀመጫ ስጧት አልሽ። ከተቀመጠች በኋላ ደግሞ 'የምናገረው ይሰማዎታል እናቴ?' ብለሽ ጠየቅሻት። ከዚያ ፈረድሽባት። ጥፋተኛ ነበረች፣ ፈረድሽባት፤ ግን ቀና ብላ ነው የወጣችው። እኔ ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። እንዳታዪኝ ብዬ ቶሎ ሄድኩ። ኮርቼብሻለሁ ልጄ። ወንበሩን ብታገኚውም ብታጪውም ኮርቼብሻለሁ።"

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትሰማው። ቀና ሳትል እጇን ዘርግታ የአባቷን እጅ ያዘች።

"ድገመው አባዬ" አለቻቸው።

ጋሼ ደገሙላት።