መምህር ሀብተአብ «የእኔ ወንድም ነው» ያሉበት ድንጋይ

መምህር ሀብተአብ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እዚህ ለንደን፣ ሆሎዌይ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ የማስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። የሐዘኔን ያህል ፍርሃትም አለብኝ፤ ስለ እሳቸው ያልተነገረ አንድ እውነት መናገር ይኖርብኛልና።

ከረን ላይ ላቲን ሲያስተምሩ የኖሩት መምህር፣ እዚህ አርችዌይ አጠገብ የአንድ የካቶሊክ ሴቶች ገዳም አትክልተኛ ነበሩ። ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ ኮፍያቸውን አንሥተው ጽጌረዳዎቹን «እንደምን አደራችሁ» ይሏቸዋል። ከእኛ አንዱ ሲታመም ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ሃርልስደን ድረስ ሾርባ ያመጣሉ። ሾርባቸው ሁልጊዜ ጨው ይበዛበታል።

በዚያ በቀይ ሽብር ወራት ታላቅ ወንድሜን አዲስ አበባ ውስጥ ገደሉት። እናቴ እንዳታለቅስ ተከለከለች። ታናሻችን ደግሞ እስር ቤት ነው። እኔ እዚህ ለቅሶ ተቀምጬ ወሬው ቢደርስ እሱንም እንደሚጨርሱት ስለማውቅ፣ ለመምህር ብቻ ነገርኳቸው።

እሳቸውም በአትክልቱ ውስጥ ድንጋይ እናቁም አሉ። «አማርኛ የሚያነብ ብዙ ነው፤ በላቲን እንጽፈዋለን።» የወንድሜን ስም በወረቀት ጠየቁኝና በልማድ ከነአባቱ ጻፍኩት። የአባቱ ስም ቤቱን እንደሚያጋልጥ አይተው ደነገጡ። ወረቀቱን በጣጥሰው ከበሰበሰው ቅጠል ጋር በአካፋ ገለበጡት። እሳቸውም የሚፈሩላቸው እናት ከረን ነበሯቸው። ከዚያ ቀስ ብለው የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። ያን ስም ከቤተሰብና ከንስሐ አባቱ በቀር የሚያውቀው የለም።

«ለተገደለው ወንድም» ብለው በላቲን ጻፉ፤ ከሥሩ የክርስትና ስሙን አስከተሉ። «የተገደለው» የሚለው እንዲወጣ ለመንኳቸው። ብዙ ቀን አሰቡበት። «ሞተ ብንል ውሸት አይሆንም፤ ግን ገዳዮቹን ደስ ይላቸዋል» አሉና ቃሉን እንዳለ ለድንጋይ ጠራቢው ሰጡት።

የፈራሁት አልቀረም። በአንድ የበዓል ቀን ገዳሙ ጋብዞን ሳለ ከመነኮሳቱ አንዷ የድንጋዩን ትርጉም ለእንግዶች ተናገረች። ለመንግሥት ወሬ ያቀብላል የምንለው ሰው በመካከላችን ነበር። የማን ወንድም እንደ ሆነ ጠየቀና አንድ በአንድ ተመለከተን። መምህር አካፋቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«የእኔ ወንድም ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ወንድሙ ወንበዴ ነው እያላችሁ ብዙዎቻችሁ ሸሻችኋቸው። አልፈርድባችሁም። እኔ ራሴ አርችዌይ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ሰላም ሊሉኝ ሲመጡ ፊቴን አዙሬያለሁ። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ እንድቀመጥ እንኳ አልፈቀዱልኝም። «ልጄ፣ እንዲያ ይሻላል። የታሰረው እስኪወጣ አንተዋወቅም።»

እንግዲህ ስሙኝ። መምህር ሀብተአብ ወንድም የላቸውም፤ ለእናታቸው አንድ ነበሩ። ድንጋዩ የእኔ ነው። እንደ እኔ ያለ ቤት ብዙ ነውና ማን እንደ ሆንኩ አትፈልጉ።

መምህር፣ በቀብርዎ ቀን ይህንኑ ልናገር ተነሥቼ ነበር። ያ ወሬ አቀባይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሳየው መልሼ ተቀመጥኩ። ይህንንም ስሜን ሳልጽፍበት እሰድደዋለሁ፤ ታናሼ ገና አልተፈታም። ይቅር ይበሉኝ። በሰላም ይረፉ። ታላቄን እዚያ ካገኙት እሱ «ወንድሜ» ብሎ ይጥራዎ፤ እኔ ገና እፈራለሁ።