አንድ ጆሮ ለደጅ

ጎጆ ከተማ ውስጥ ኦቦ ሆርዶፋን የማያውቅ ሰው ካለ እሱ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ድንች ገዢው ያውቃቸዋል፣ በግ ሻጩ ያውቃቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ከኋላ ወንበር ሆነው ከመዘምራኑ ቀድመው ስለሚጀምሩ መዘምራኑማ አሳምረው ያውቋቸዋል። የጎጆ ብርድ ቀልድ አያውቅምና ክረምት ከበጋ ረጅም ካፖርትና የሱፍ ኮፍያ አይለያቸውም። ከኮፍያው ሥር ደግሞ አንድ ጥቁር ገመድ ወርዶ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይገባል። ገመዱ ከታየ ኦቦ ሆርዶፋ የሉም ማለት ነው። ቆመው እያዩህም የሉም።

የገመዱ ጫፍ ያለው የክብሪት ቀፎ በምታህል ኤምፒ ስሪ ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. ዘር ድንች ይዘው አምቦ የወረዱ ጊዜ፣ ገና ጢሙን ማብቀል ከጀመረ ለሊሳ ከሚባል ልጅ ሱቅ ገዟት። ለሊሳ መዝሙር ሞላላቸው፣ እሳቸውም "ትንሿ" ብለው ስም አወጡላት። ትንሿ ካሜራ የላት፣ ስክሪን የላት፣ ደውላ አታውቅ፣ ተደውሎላት አያውቅ። መዝሙር ብቻ ነው ሥራዋ። ሰውዬው ድንች ሲኮተኩቱም፣ በግ ሲያግዱም፣ በዚያ አንጀት በሚያራግፍ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ ሲንገጫገጩም ከጎናቸው ናት።

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ መዝሙር ከመሃል አይቋረጥም። እንግዳ ቢመጣ እጃቸውን አንስተው "ትንሽ ታገሠኝ" ይላሉ፣ እንግዳው ይጠብቃል። ሻዩ ቢቀዘቅዝ ይቀዝቅዛ! "ጸሎት ላይ ያለን ሰው ከመሃል ገብተህ በቃህ ትለዋለህ?" ይላሉ ሲጨርሱ። ባለቤታቸው አዴ ባየሽ ይህን ሕግ ለምደውታል። አንድ ነገር ሊነግሯቸው ሲፈልጉ መጀመሪያ ገመዱን ያያሉ፣ ከዚያ መዝሙሩ የሚያልቅበትን ጊዜ ከባላቸው ራስ እንቅስቃሴ ይገምታሉ፤ ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዙ ነው የሚያዳምጡትና።

ልጃቸው ጊፍቲ አምቦ ውስጥ በጤና ባለሙያነት ተቀጥራ የመጀመሪያ ደሞዟን ስታገኝ ላባቷ ዘመናዊ ስልክ ገዛች። የምሥጋና ስጦታ ነው፣ ማን እምቢ ይላል? ለሊሳ መዝሙሩን ሁሉ ወደ ስልኩ ገለበጠው። ታዲያ ኦቦ ሆርዶፋ ካዳመጡት መዝሙር አንዱም ጫፍ አልደረሰም። ልባቸው ገና መቅለጥ ሲጀምር "ሄሎ፣ ኦቦ ሆርዶፋ፣ ድንች አለ?" ይላል ደላላው። እሱን ሸኝተው ሲመለሱ አንድ መልእክት ጢን ይላል። ስልኩን በሻሽ ጠቅልለው ለአዴ ባየሽ ሰጧቸውና ወደ ትንሿ ተመለሱ።

"ኦቦ ሆርዶፋ፣ ይቺን እኮ ዘመን ጥሏት ሄዷል" አላቸው ለሊሳ ባትሪዋ ደክሞ ሊያሠሯት የወረዱ ቀን። "አሁን ሁሉ ነገር ስልክ ውስጥ ነው።"

"እሱማ ነው የቸገረኝ። ገበያ ውስጥም ሁሉ ነገር አለ፤ ገበያ መሃል ግን ተቀምጦ አይጸለይም።"

ለሊሳ ስቆ ተረታ። ባትሪዋን ቀየረና ከራሱ ጨምሮ፣ ጆሮ ውስጥ ጥልቅ ብሎ የሚገባ አዲስ ኤርፎን አመጣላቸው። "ይሄን አድርገው መብረቅ ቢወድቅም አይሰሙም" አላቸው። ምስኪን! በገዛ እጁ ምን እየሠራ እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ ያን ኤርፎን መሬት ቆፍሮ ይቀብረው ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአባቷ ትንሿ ላይ መዝሙር ለማስጫን ለሊሳ ሱቅ የምትመላለሰው ጊፍቲ ነበረች፤ መመላለሱ ከመዝሙር ቁጥር በለጠ። ሁለቱ መፋቀራቸውን አምቦም ጎጆም ያውቃል። ኦቦ ሆርዶፋም ያውቃሉ፣ እንደ አባት ግን ሽማግሌ እስኪመጣ እንዳላወቁ ናቸው። በልባቸው ልጁን ይወዱታል። ከሱ ሌላ አማች አያምራቸውም። አዴ ባየሽ እንኳ ለሽማግሌዎቹ ብለው እግሩ የተሰበረውን ወንበር ከክረምት ጀምሮ አስጠግነው አስቀምጠዋል።

በነሱ አካባቢ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ "ልንመጣ ነው" ብሎ አይደውልም፣ ነውር ነው። ማለዳ ድንገት ይመጣና ከአጥር በር ውጭ ቆሞ ይጣራል፣ ግባ ሳይባል አይገባም። አባት ልጁን መስጠት ካልፈለገ ደግሞ እምቢ ብሎ በአፉ አይናገርም። እንዳልሰማ ጀርባውን ሰጥቶ ሥራውን ይሠራል፤ ሽማግሌዎቹ ይገባቸውና ማንም ሳይዋረድ ይመለሳሉ፤ ጠያቂውም ነገሩን ሳያነሳ ከልጅቷ ይርቃል። የተመለሰን ሽማግሌ የሴት ልጅ አባት ተከትሎ አይጠራም። ያ "ልጄ ቆማ ቀረች፣ ኑና ውሰዱልኝ" ማለት ነው፣ ከዚህ ሞት ይሻላል።

መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ፣ ማንም አልመጣም። ጊፍቲ ቤት ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ፣ "ለሊሳ ስልኬን አያነሳም" ብላ ለእናቷ አለቀሰች። ኦቦ ሆርዶፋ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። "ሰው መስሎኝ!" አሉ። "ልጄን አስለምዶ ሊተዋት?" ከዚያ ኤርፎናቸውን ጆሯቸው ውስጥ ወሸቁ። እንደ ሌላው ጊዜ ግን መዝሙሩ አላጽናናቸውም።

አንድ ቅዳሜ አዴ ባየሽ ከማለዳ ጸሎት ሲወጡ ጎረቤታቸው ቦጂያ ጎተተቻቸው። ቦጂያ በሰው ነገር የምትገባ ሴት አይደለችም፣ ዛሬ ግን አላስቻላትም።

"አዴ ባየሽ፣ እንዴት እንደዚያ ያለውን ልጅ ትመልሳላችሁ?"

"የቱን ልጅ?"

"በመስከረም እርስዎ ጸሎት ላይ እያሉ ለሊሳ የላካቸው ኦቦ ሌንጂሳ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከአምቦ መጥተው በራችሁ ላይ አልቆሙም? ስንቴ ተጣሩ! ውሻው ሳይቀር ጮኸ። ኦቦ ሆርዶፋ ጀርባቸውን ሰጥተው ድንች እየመረጡ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ጭራሽ ራሳቸውን ነቀነቁባቸው! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።"

አዴ ባየሽ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ወደ ቤት ገሰገሱ። ባላቸው እንደ ቅዳሜ ልማዳቸው ጀርባቸውን ለአጥሩ በር ሰጥተው፣ በፀሐይ ትይዩ ተቀምጠው ዘር ድንች ይመርጣሉ።

"አባ ጊፍቲ!" አሉ አዴ ባየሽ ከበሩ።

ኦቦ ሆርዶፋ አንድ ድንች አነሱ፣ ገላበጡት፣ ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቁ።

"ሆርዶፋ! አንተን እኮ ነው!"

አሁንም ነቀነቁ። ውሻው ጮኸ። ሰውዬው ድንቹን ወደ ቅርጫቱ ጣሉና ሌላ አነሱ፣ ራሳቸውን አሁንም ደጋግመው ነቀነቁ። አዴ ባየሽ በሩን ይዘው ቆመው ቀሩ። ያን ጥቁር ገመድ አዩ። ከዚያ ቁጣቸው የት እንደገባ እንጃ፣ ሳቅ አፈናቸውና እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ስቀው ስቀው እንባቸው መጣ። መዝሙሩ አልቆ ባላቸው ዞር ሲሉ ያዩት ይህን ነው።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

"ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ካንተ ደጃፍ ግን ሽማግሌ ቆሞ ተመለሰ" አሉና ሁሉን ነገሯቸው።

ኦቦ ሆርዶፋ አልሳቁም። ያነሱት ድንች ከእጃቸው ወደቀ። ልጃቸውን ያስለቀሳት ለሊሳ ሳይሆን እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ያ ልጅ በዚህ ሁሉ ጊዜ "ናቁኝ" እያለ ነው የከረመው። እነ ኦቦ ሌንጂሳም ያን ሁሉ መንገድ ተንገጫግጠው መጥተው ራስ ተነቅንቆባቸው ተመለሱ። ሐፍረቱ አጥንታቸው ድረስ ገባ።

"ደውልለታ፣ ይኸው ስልኩ" አሉ አዴ ባየሽ ሻሹን ፈትተው።

ስልኩን ተቀበሉ። የለሊሳ ስም እዚያው አለ፣ አንዴ መንካት ነው። ግን ምን ሊሉት? "ሽማግሌህን መልሰህ ላክ" ሊሉት? ያ ሁሉ ነገር አለበት የተባለው ስልክ ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበረውም። መልሰው ሰጧቸው። ያን ሰሞን ትንሿን አልከፈቱም፤ ምግብም እንደ ነገሩ ነበር። እሑድ መዘምራኑ እስኪደነግጡ ድረስ ማንንም ሳይቀድሙ ተቀመጡ።

ማክሰኞ ማለዳ ግን ካፖርታቸውን ደርበው አምቦ ወረዱ። ለሊሳ ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሣ፣ አንገቱን ሰብሮ ሰላምታ ሰጠ። ደግነቱ አለ፣ ሳቁ ግን የለም። ኦቦ ሆርዶፋ ትንሿን ከነገመዷ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

"ተበላሸች?"

"እሷ ደህና ናት። ኤርፎኑን ግራውን ቁረጥልኝ።"

"ኧረ ኦቦ ሆርዶፋ! ደህናውን? ለምን?"

"መብረቅ ቢወድቅ አይሰሙም ብለኸኝ ነበር፣ እውነትህን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ድንች ስመርጥ ጀርባዬ ለበሩ ነው። መዝሙር ስሰማ ደግሞ ራሴን መነቅነቅ ልማዴ ነው፣ ባየሽን ጠይቃት። ሰው ቆሞ ቢጣራም አልሰማ፣ ውሻ ቢጮህም አልሰማ።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በሩ ከኋላዬ በግራ በኩል ነው። ከእንግዲህ አንድ ጆሮዬ ለደጅ ይሁን ብዬ ነው።"

የለሊሳ ፊት ቀላ፣ ከዚያ የግንባሩ ጅማት ላላ። የደግ ሰው ልጅ ስለሆነ የሚነገረውንና የማይነገረውን ያውቃል። መቀሱን አነሳ። ግራውን ቆረጠው። የገመዱን ጫፍ እንዳያሳክካቸው ብሎ በፕላስተር ጠቀለለላቸው።

"እግዚአብሔር ይስጥህ" አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። ስለ ጊፍቲ አንድም ቃል ሳይነሳ ተለያዩ።

ቅዳሜ ነጋ። አዴ ባየሽ ጸሎቱን ትተው ቤት ዋሉ፣ የተጠገነውንም ወንበር ሦስት ጊዜ ወለወሉት። "ዛሬ እንኳ ፊትህን ወደ በሩ አዙር" ቢሏቸው ኦቦ ሆርዶፋ እምቢ አሉ።

"ካዞርኩማ ሲጠብቅ ነበር ይሉኛል።"

እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፣ ቀኝ ጆሯቸው ላይ ኤርፎኑን አደረጉና ትንሿን ከፈቱ። ድንች ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ቅርጫት ውስጥ ይጨምሩታል። በሕይወታቸው እንደዚያ ያለ ድንች መረጣ መርጠው አያውቁም። ራሳቸውን ግን እንደ ድንጋይ አጽንተው ያዙት፤ አንገታቸው እስኪያማቸው ድረስ አላነቃነቁትም።

የሚወዱት መዝሙር ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ውሻው ጮኸ። በግራ ጆሯቸው፣ ከአጥሩ ውጭ፣ የኦቦ ሌንጂሳ ጎርናና ድምፅ መጣ።

"ቤቶች፣ አካም ቡልተን? እንዴት አደራችሁ?"

ኦቦ ሆርዶፋ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ለእንግዳም ለሻይም ለዝናብም ተቋርጦ የማያውቀውን መዝሙር ከመሃል ላይ ቀጥ አደረጉት፣ ተነሥተውም ወደ በሩ ዞሩ።

"ሴና፣ ግቡ እንጂ" አሉ። "ሰው ደጅ አይቆምም።"