አሮጌዋ ቆጣሪ ትነሳ

ይበልጣል እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ አርባ ምንጭ ላይ ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። እዚህ አገር ጾታ እንደፈቀደ ነው የሚሄደው፤ በሬዋ መጣች ይባላል፣ ላሙ ታለበ ይባላል። እኔ ደግሞ ሰው ሲሳሳት ሰምቼ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አርሜያለሁ። ይህን ክፉ አመሌን ያስተወችኝ አንዲት ሴት ናት፤ እሷን ልንገራችሁ።

አገኘሽ ትባላለች። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበረች። ከከተማችን ላይኛው ሰፈር ከሴቻ እስከ ታችኛው ሲቀላ በየወሩ ቤት ለቤት እየዞረች ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር። በር ላይ ቆማ «ቆጣሪ!» ብላ ስለምትጣራ ሰዉ ስሟን ረስቶ «ቆጣሪዋ» ነው የሚላት። እኔንማ ሁልጊዜ ከቀትር እንቅልፌ ስለምትቀሰቅሰኝ ስንት ቀን ተነጫንጬባታለሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በ2007 ዓ.ም. ስለ ስማርት ቆጣሪ የሚደነግግ ረቂቅ መመሪያ መጣ፤ ሕዝብ ይወያይበት ተባለና ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ተልኮ ሴቻ አንድ አዳራሽ ተሰበሰብን። የእጅ ጽሕፈቱ ጥሩ ነው ብለው ቃለ ጉባኤውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ረቂቁንም ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አዲሱ ቆጣሪ ቁጥሩን እንደ ስልክ ራሱ ወደ ቢሮ ይልካል፤ ሒሳቡም እንደ ስልክ ካርድ አስቀድሞ ይሞላበታል፤ አንባቢ አያስፈልገውም። አገኘሽ ከኋላ ጃንጥላዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ባሏ ሞቷል፣ ሁለት ልጆቿ ገና ተማሪ ናቸው፣ ሌላ ሥራ የላትም። ረቂቁ ከጸደቀ እንጀራዋ መዘጋቱ ነው። አዳራሹ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

የሙዝ ነጋዴው ጋሽ ካሱ እጁን አወጣ። አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው፤ ወሬው ይጣፍጣል፣ ጾታው ግን ያው ነው።

«እኛ ሰልችቶናል» አለ። «አሮጌዋ ቆጣሪ ትሳሳታለች። አሮጌዋ ቆጣሪ ትነሳ፣ አዲሱ ይግባ።»

ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሳጥን ማለቱ ነው። «አሮጌው ቆጣሪ ይነሳ» ብዬ አርሜ ልጽፍ ስል ከኋላ የወንበር ድምፅ ሰማሁ። አገኘሽ ብድግ ብላ ቆማለች።

«ይኸው ተነሳሁ» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ካሱ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። «አንቺን አይደለም እህቴ፣ ሳጥኗን ነው» ይላል። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ከተነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልናገር» አለች። ሥራዬን አታሳጡኝ ብላ ልትለምን ነው ብለን አንገታችንን ደፋን።

ስለ ሥራዋ አንድ ቃል አልወጣትም። «አንቀጽ ሰባትን ይድገሙልኝ ጋሼ» አለችኝ፤ ደገምኩላት። የሞላው ሒሳብ ያለቀበት ቤት ከቢሮ ሆኖ ወዲያውኑ ይቋረጣል ይላል።

«መልካም» አለች፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን ባለሙያ እያየች። «ሳጥኑ ቁጥሩን ያያል። እኔ ግን ቁጥሩን ለማየት ስገባ ቤቱንም አያለሁ።»

ከዚያ ደብተር ሳትገልጥ ከሴቻ ጀምራ በቃሏ ቤት ለቤት ቁልቁል ወረደች። አንዱ ቤት ጫጩት መፈልፈያ አለ፤ መብራት ከሄደ እንቁላሉ ሁሉ ይበላሻል። አንዱ ቤት ዓይናቸው የማያይ አዛውንት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሒሳቡ ማለቁን የሚያነብላቸው የለም። የማንንም ስም አልጠራችም፣ የሰው ገመና አላወጣችም። ሲቀላ ስትደርስ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«ሲቀላ አንድ ቤት ትንሽ ፍሪጅ አለች» አለች። «ምግብ የለባትም። የልጅ መድኃኒት ነው ያለባት። የሲቀላን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከቢሮ ሆኖ የሚዘጋው ሰው ምን እንደዘጋ በምን ያውቃል?»

ይህኔ ጨርቅ ነጋዴዋ ሐሊማ ከመሐል ተነሳች።

«ያ ቤት የእኔ ነው» አለች። «ልጄ ራኒያ ስኳር አለባት። ለጎረቤት እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ቆጣሪዋ ግን በመጣች ቁጥር ፍሪጁን በእጇ ነክታ፣ መቀዝቀዙን አይታ ነው የምትሄደው።»

ምን ልበላችሁ! እኔ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኳቸውን ልጆች ስም እንኳ አላስታውስም። ይህች ሴት የሁላችንንም ቤት በሆዷ ይዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትዞር፣ እኔ እንቅልፌን ረበሸችኝ እያልኩ እነጫነጫለሁ። ያን ቀን እሷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

መመሪያው በዓመቱ ጸድቆ ሲመጣ አንቀጽ ሰባት ተለውጧል። ሠራተኛ በአካል ሄዶ ደንበኛውን ሳያነጋግር የማንም ቤት አይቋረጥም ይላል። ቤቱን ሁሉ የሚያውቅ ሠራተኛ ተፈለገ፤ ከእሷ ሌላ ማን ሊገኝ። ስለዚህ አገኘሽ ዛሬም በር ታንኳኳለች። ቃለ ጉባኤው ላይም «አሮጌዋ ቆጣሪ ተነሳች» ተብሎ ተጽፏል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አላረምኩትም።

ባለፈው ሳምንት የእኔው ሒሳብ ሊያልቅ ሲል መጣች። «ቆጣሪ!» አለች እንደ ልማዷ። ስትገባ ከወንበሬ ተነስቼ «ኖር» አልኳት።

ደነገጠች። «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ ጋሼ፣ እርስዎ ለእኔ ይነሳሉ?» አለች።

እሷ እስክትቀመጥ ድረስ አልተቀመጥኩም።