በከንፈር መዘመር

እናቴ ከመሞቷ በፊት የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስትቀበር በድምፅ እንዲዘመርላት። ኩላሊቷ ታሞ ፊቷ አባብጦ ነበር። «በከንፈር እንዳትሸኙኝ፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ልጅ ነበርኩ፤ እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ልመናዋ ለማያውቅ ሰው እንግዳ ነው፤ ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያናችን ልጀምር። አዳማ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ማዶ፣ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበረን። ከጓሮው እናቴ በድሬሰርነት የምትሠራበት ትንሽ ክሊኒክ፣ ከጎኑ ደግሞ የማታ ትምህርት ቤት ነበር። ወንጂ ሸንኮራ የሚቆርጡት ሠራተኞች እሁድ እሁድ በጭነት መኪና ይመጣሉ፤ ቁስላቸው ታጥቦ፣ ፊደል ቆጥረው፣ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ዘምረው ይመለሳሉ። ያመረቀዘ እግር ይዞ ስብከት የሚሰማ የለም ትል ነበር እናቴ። ያኔ ገና ድክ ድክ እል ነበርና ይህን ሁሉ የማውቀው ከእሷው አፍ ነው።

በደርግ ጊዜ ቀበሌው አዳራሹን ወረሰው። የመጤ ሃይማኖት ቤት ነው ተባለ። ክሊኒኩ ተዘጋ፤ ጥቁር ሰሌዳችን ግን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተፈለገ። ከሁሉ የሚያበግነኝ የቀበሌው የእሁድ ስብሰባ ነው። መቅረት አይቻልም። እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው የራሳችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን መፈክር እናሰማለን። ለመፈክሩ ድምፅ አልጠፋንም።

አምልኮው ወደየቤቱ ገባ። እኛ ቤት ሴቶቹ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ፤ ካርታ ጨርሶ የማያውቁ ወንዶች ካርታ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ጎረቤት እንዳይሰማ መዝሙሩ በከንፈር ብቻ ነበር። የጉባኤው ሽማግሌ አባቴ ነውና በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ይመራል፣ እኛም አፋችንን እናንቀሳቅሳለን። ልጅ የሰማውን ደጅ ያወጣል ተብሎ፣ እናቴ ልብስ ስታጥብ እንኳ አታንጎራጉርም። እኔ ከንፈሯን እያየሁ ግጥሙን ሁሉ በቃሌ ያዝኩ። እግዜር ይሰማል፣ ቀበሌ አይሰማም እየተባባልን እንስቅ ነበር። እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ።

እናቴ ሞተች። የሰፈሩ እድር ለፔንጤ ድንኳን አልሰጥም አለ። የደብሩ መቃብርም ተከለከለ። አባቴ ደጅ ሲጠና ሰንብቶ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በወንጂ መንገድ ዳር፣ ንፋስ አቧራ የሚያነሳበት ባዶ ሜዳ ተሰጠን። መዝሙር እንዳይዘመር የሚቆጣጠር አብዮት ጠባቂም ጠመንጃውን አንግቶ አብሮን መጣ። እሺ ያልኩት ነገር እንደማይሆን ያኔ ገባኝ።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲያልቅ ሰውየው ወደ አባቴ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ሚስቴን ያዋለዷት እሳቸው ናቸው። እኔም እንደ ልጆቼ ሃርሜ፣ እናቴ፣ ነበር የምላቸው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እዚያ ግራሩ ጋ ሄጄ ሲጋራ ላጭስ። እናንተ እንደ ደንባችሁ አድርጉ።»

ሄደና ጀርባውን ሰጠን። ደስ አለኝ፤ በእናቴ ቀብር ላይ ደስ አለኝ።

አባቴ እንደ ልማዱ በጣቱ ጭኑን መታ። ሁሉም ጀመረ። ከንፈሩ ሁሉ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን ከአንዱም አልወጣም። ፈርተው ነው እንዳልል ብዙዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ከልባቸው ነበር። ደሜ ፈላ። ቢያንስ እኔ ቃሌን ልጠብቅ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ግጥሙ ምላሴ ላይ ነበር። ዜማው ግን የለም። ያንን መዝሙር ዕድሜዬን በሙሉ አየሁት እንጂ ሰምቼው አላውቅም። የወጣልኝ ልቅሶ ብቻ ነው፤ አንዲት ሴት ጭንቅላቴን ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

አፈሩ ተመለሰ። አብዮት ጠባቂው ሲጋራውን ረግጦ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ምነው ጋሼ?» አለ። «እኔ እኮ እንድትዘምሩላቸው ብዬ ነው የራቅሁት።»

አባቴ ግራ ገብቶት አየው።

«ዘመርንላት እኮ» አለው።