በቃሬዛ ወደ ቦንጋ የሄደው ፍሪጅ

በላይነሽ ጠዋት ጠዋት ክሊኒኩ ወለል ላይ በደረቷ ትተኛለች። ከፍሪጁ ሥር ያለውን የላምባ ቋት እንደ መሳቢያ ስባ ታወጣዋለች። የክሩን ጫፍ በምላጭ ትከረክማለች፤ ጥቀርሻ የያዘውን የጭስ መውጫ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ትወለውላለች፤ ላምባውን በጨርቅ አጥልላ ትሞላለች። ከዚያ ክብሪት ጭራ ለኩሳ ቋቱን መልሳ ትገፋዋለች። እሳቱ ከፍሪጁ ሥር ተደብቆ ስለሚነድ ቆሞ ለሚያየው አይታይም። ስለዚህ ሴት ልጅ ፀጉሯን የምታይበት ዓይነት ትንሽ መስታወት ወለሉ ላይ ታስቀምጥና ነበልባሉን በመስታወቱ ታየዋለች። ሰማያዊ ከሆነ ልብሷን አራግፋ ትነሳለች። ቢጫ ከሆነ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

እኔ ጎረቤቷ ስለነበርኩ አንዳንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ አያት ነበር። ከታች እሳት እየነደደ ከላይ በረዶ መሆኑ ፈጽሞ አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን የፍሪጁን በር ከፍታ እጄን እንዳስገባ ብትፈቅድልኝ እንደተቃጠለ ሰው ቶሎ መልሼ አወጣሁት። እሷ ሳቀችብኝ። በላይነሽ ብዙ የምትስቅ ሴት አልነበረችም።

ጊዜው ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ መንደራችን ማንኪራ መብራት የለም፤ ክረምት ሲገባ መኪና አይደርስም። ጫካው ውስጥ ለውስጥ፣ ከቡናው ሥር፣ ሰው የረገጠው ቀጭን መንገድ ብቻ ነው ያለን። ፍሪጁን በበጋ አንድ የጤና መኪና እንደምንም አምጥቶት ነበር። ጤና ረዳቱ አብዮት ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው፤ እኛ ግን ሁላችንም ዶክተር ነበር የምንለው። እሱ ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ስዊድን የተባለ አገር እንደተሠራ ነገረን። ክረምታቸው ጨለማ ነው፣ በረዶው ሰው ጉልበት ይደርሳል አለን። የመንደራችን ቀልደኛ ዋለ ይህን ሰምቶ፣ በረዶ እንዲህ ከሞላቸው በረዶ ማድረጊያ መሥራት ምን አስቸገራቸው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍሪጁ ስም ስዊድን ሆነ። ሰው በላይነሽን መንገድ ላይ ሲያገኛት፣ ስዊድን እንዴት አደረ፣ ላምባውን ጠጣ ወይ ይላታል። እሷም ደህና ነው ትላለች፣ ስለ ልጅ እንደምትመልስ።

ልጅ ነበረቻት። ዙፋን የምትባል፣ አንድ ብቻ። ክሊኒኩ ከመምጣቱ በፊት ኩፍኝ መንደሩን ሲጠርግ ወሰዳት። በላይነሽ ስለዚያ አታወራም፤ እኛም አናነሳባትም። አብዮት ጽዳት ሠራተኛ ሲፈልግ ቀድማ የሄደችው እሷ ነበረች። እሱም በዚህ ሳጥን ውስጥ ያለው መድኃኒት ኩፍኝን ያስቀራል፣ ነገር ግን ቅዝቃዜው ከተበላሸበት ውሃ ማለት ነው አላት። ከነገራት ሁሉ ይህን አንዱን ይዛ ቀረች።

ስዊድን የታመመው ክረምቱ በጠነከረበት ወር ነው። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ ግን አይቀዘቅዝም። በላይነሽ ክሩን ቀየረች፤ ጭስ መውጫውን ደጋግማ ጠረገች፤ ቀጥ ብሎ ላይቆም ይችላል ብላ ስኒ ውሃ አናቱ ላይ አስቀምጣ ውሃው እንዳያዘነብል እግሮቹን በእንጨት ስንጣሪ አስተካከለች። አልሆነም። አብዮት የክትባቱ ብልቃጦች ሳይበላሹ በክትባት ሳጥን ውስጥ ከቀረው በረዶ ጋር ከትቶ ወደ ከተማው ወደ ቦንጋ ወሰዳቸው። ሲመለስ ይዞት የመጣው መልስ ከባድ ነበር። ሌላ ፍሪጅ በጀት ሲገኝ ይታያል፤ እስከዚያ የማንኪራ እናቶች ልጆቻቸውን ቦንጋ እየወሰዱ ያስከትቡ ተብሏል። ይህን ሲነግረን ወለሉን ነበር የሚያየው።

ልጅ አንዴ ተከትቦ አያበቃም፤ እየተመላለሰ ነው። በዝናብ፣ ሕፃን አዝሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ ማን ይመላለሳል? የመጀመሪያውን ሁሉም ይሄዳል፤ ሁለተኛውን ጥቂቱ። ሦስተኛውን ማን እንደሚሄድ እናውቃለን። የልጄ ልጅ መሲ ያኔ ለኩፍኙ ክትባት ልትደርስ ትንሽ ነበር የቀራት።

በላይነሽ የሚጠግነው ሰው የለም ወይ ብላ ጠየቀች። አብዮትም አንድ ኢያሱ የሚባል ባለሙያ አለ፣ ግን ለዞኑ ሁሉ አንድ ስለሆነ ዛሬ ደካ ነገ ሌላ ቦታ ነው፣ እዚህ ድረስ አይመጣም፤ ፍሪጁ ቦንጋ ከደረሰለት ግን ያየዋል አላት። ይህን ያለው መኪና እንደማይገባ ለማሳወቅ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ጋሽ ጉግሳ ቤት ሄደች።

ጋሽ ጉግሳ የመንደሩን ቃሬዛ የሚያስቀምጡት ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲጠናባት ቃሬዛው ከሳቸው ቤት ይወጣል፤ ወንዱ ሁሉ በተራ ትከሻውን ይሰጣል፤ እምቢ የሚል የለም። በላይነሽ ፍሪጁን በቃሬዛ ቦንጋ እንውሰደው ስትላቸው የቀለደች መስሏቸው ነበር። ከዚያ ተቆጡ። ቃሬዛ ለሰው ነው፣ ዕቃ ተጭኖበት አያውቅም፣ ነገ በሽተኛ ሲተኛበት ምን ይባላል አሉ።

«ጋሽ ጉግሳ» አለች በላይነሽ፣ «ይህ ሳይድን ከቀረ በዚሁ ቃሬዛ የምትሸከሙት ልጆቹን ነው።»

ዙፋንን የተሸከሙት እሳቸው ነበሩ። ተነስተው ቃሬዛውን ከጣሪያው ሥር አወረዱ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። እኔ የተሸካሚዎቹን ቆጮ ይዤ ከአብዮት ጋር ከኋላ ተከተልኩ። ስዊድን በጎኑ ቃሬዛው ላይ ተጋድሞ በገመድ ታስሯል። ዝናብ እንዳያገኘው የእንሰት ቅጠል ደረቡበት፤ በላይነሽ ደግሞ ጋቢዋን ከላይ ጣል አደረገች። እንዲያ ሲሆን ለሚያየው ሰው ይመስላል፤ ለዚያውም ትልቅ ሰው። ኮረሪማ የሚለቅሙት ሥራቸውን ትተው ይቆሙልናል፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ዋለ በዚህ በጣም ተደሰተ። አንዲት አሮጊት ከጎጆዋ ወጥታ እየተከዘች ሴት ናት ወንድ ብላ ጠየቀችው።

«ስዊድን ነው፣ እማማ» አላት።

«የማን ልጅ ነው?»

«የበላይነሽ።»

ተሸካሚዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። አሮጊቷ ግን ወደ በላይነሽ ዞራ እጇን ያዘቻት። «እግዜር ይማርልሽ፣ ልጄ» አለቻት።

በላይነሽ አልሳቀችም። «አሜን» አለች። ከዚያ በኋላ ዋለም ብዙ ርቀት አልቀለደም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ሞልቷል። መሻገሪያው ግንድ በእንጉዳይና በጭቃ ተሸፍኖ ነበር። ገና ወደ ግንዱ ሲወጡ የፊተኛው ተሸካሚ እግሩ ከዳው። ሰው አልተጎዳም፤ ስዊድን ግን ከገመዱ ሾልኮ በቁልቁለቱ ተንሸራተተና በአንድ ትልቅ ድንጋይና በወንዙ ዳር መካከል ተሰነቀረ፤ አናቱ ወደ ታች፣ እግሮቹ ወደ ሰማይ። ልናወጣው ሞከርን፤ ውሃው እየጨመረ ስለመጣ ጋሽ ጉግሳ ሰው እንዳይወሰድ ፈርተው ተዉት አሉ። ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀመጥን። ሁላችንም በልባችን ስዊድን አበቃለት ብለናል።

በላይነሽ ድንጋዩ ላይ ወርዳ ከጎኑ ተቀመጠች። መዳፏን ሆዱ ላይ አሳረፈች፣ ትኩሳት እንዳለው ሕፃን። እኔም ወርጄ አጠገቧ ሆንኩ። ከውስጡ ጉርጉር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። «ትሰሚያለሽ?» አለችኝ። እሰማለሁ አልኳት። ውሃው ሲጎድል ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። አውጥተን እንደገና አሰርነውና ቦንጋ ሲመሽ ገባን።

ኢያሱ ጠና ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ጭቃ የጠገበውን ፍሪጅ ሲያይ ምን እንደደረሰበት ጠየቀ፤ አብዮትም እያፈረ ሁሉን ነገረው። ኢያሱ አልተቆጣም። ዛሬ አይለኮስም፣ ቆሞ ይደር ብቻ አለና በዎርክሾፑ ጥግ አቆመው። ጠዋት ጭስ መውጫውን ጠርጎ ክብሪት ጫረ።

ስንጠብቅ ኢያሱ ሻይ አፈላልን። በላይነሽን ለማጽናናት ይመስለኛል፣ ፍሪጁ ስለተሠራበት አገር ያወራልን ጀመር። ይህን ዓይነቱን ፍሪጅ የፈጠሩት ሁለት ወጣቶች ናቸው፣ ያኔ ገና ተማሪዎች ነበሩ አለ። ሞተር የለውም፣ የሚሽከረከር ነገር የለውም። እሳቱ አንድ ፈሳሽ ያፈላል፤ እንፋሎቱ በቧንቧው ዞሮ ሲመለስ ሙቀቱን ከውስጥ ጠርጎ ይወስዳል። በሳጥኑ ጎን ብቻ የሚጫረውን ክብሪትም እዚያው ነው የፈጠሩት። ያለ ክር የሚነደው ይህ ሻይ የፈላበት የላምባ ምድጃም ከዚያ ነው። በእጁ የያዘውን፣ አፉ የሚጠብና የሚሰፋውን የብሎን መፍቻም አሳየን።

«ታዲያ ለእኛ ምን ተዉልን?» አለ ዋለ።

«መሸከሙን» አለ ኢያሱ።

እኩለ ቀን ሲሆን ኢያሱ በሩን ከፍቶ ቴርሞሜትሩን አየ። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። በላይነሽን ነይና ራስሽ እዪው አላት። እጇን አስገባች። እኔ እንዳደረግሁት ፈጥና ትመልሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመለሰችውም። ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ድረስ እዚያው አቆየችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስለነበር አላየሁትም።

ኢያሱ እየሳቀ ነገሩን አስረዳን። እንዲህ ያለ ፍሪጅ አንድ ቦታ ረጅም ጊዜ ሲቆም ፈሳሹ ቧንቧው ውስጥ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። መድኃኒቱም በአናቱ ገልብጦ ማቆየት ነው።

«እኔም የማደርገው ይህንኑ ነበር» አለ። «ወንዙ ቀደመኝ።»

ስንመለስ ቀጥ አድርገን አቁመን አሰርነው። አሮጊቷ ጎጆዋ ደጃፍ ነበረች። ቆሞ ሲመጣ ስታየው መጀመሪያ ደነገጠች፤ ነጭ ሣጥን መሆኑን ስታይ ደግሞ እንደምትቆጣ ጠበቅን። እሷ ግን ዳነልሽ ወይ ብላ በላይነሽን ጠየቀች። ዳነልኝ አለች። አሮጊቷ አንድ እፍኝ ኮረሪማ አምጥታ ሰጠቻት።

መሲ እዚያው ማንኪራ ተከተበች። ከሷ በኋላ ብዙዎች ተከተቡ። ስዊድን ዓመታት ሠራ። ከጊዜ በኋላ በፀሐይ የሚሠራ ፍሪጅ መጣ፤ ላምባም እየጠፋ ሄደ፤ አብዮት ተዛወረ፤ ጋሽ ጉግሳ አረፉ። አሮጌው ፍሪጅ ለበላይነሽ ተሰጣት። ጓሮዋ ውስጥ ነው፤ ዶሮዎቿ እንቁላል ይጥሉበታል። እኔም መሲ አራተኛ ክፍል ስትደርስ ፊደል አስቆጥራኝ ይኸው እጽፋለሁ።

በላይነሽ ዛሬ ዓይኗ አያይም ማለት ይቻላል። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የሚያልፈውን በድምፁ ትለያለች። አንዳንዴ ስዊድን ነበልባሉ ምን ይመስላል ትለኛለች። ሰማያዊ ነው እላታለሁ። እሳት እንደሌለው ታውቃለች፤ ግን መልሱን ትወደዋለች።

እናንተ በዚያ ዘመን ማንኪራ የተወለዳችሁ፣ ዛሬ ጅማም ቦንጋም ሺሺንዳም ያላችሁ፣ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሕፃን ሳላችሁ የተወጋችሁት መርፌ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ጠባሳ ጥሎ አልፏል። ለዘመድ ጥየቃ ስትመጡ በላይነሽ ደጃፍ ጎራ በሉ። ስጦታ አትያዙ። እጅጌያችሁን ሰብስቡና ክንዳችሁን ስጧት። በጣቶቿ ፈልጋ ታገኘዋለች።