ጎጆ ከተማ የሞላነው መጠይቅ

አምቦ ውስጥ የፕሪሜዲካል ተማሪ ሳለሁ፣ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት አመጋገብ ላይ በሚሠራ የተማሪዎች ምርምር እሳተፍ ነበር። ከእኔ በኋላ ለገባች አንዲት ተማሪ የመጠይቅ አሞላል እንዳሳያት ተመደብኩና አብረን ወደ ጎጆ ከተማ ወጣን። ረፋድ ቢሆንም ጉሙ ገና አልተነሣም።

አንዲት እናት ቤቷ አስገብታ በርጩማ ሰጠችን። ተማሪዋ ትጠይቃለች፤ እናትየው ሳታመነታ ትመልሳለች።

«ልጅሽ ዕድሜው ስንት ነው?»

«አራት ሊሞላው ነው።»

«ትናንት ምን በላ?»

«ድንች። ግማሹን ተወው።»

«አዴ፣ ክንዱን እንድንለካው ጥሪልን» አልኳት፣ በኦሮምኛ የአክብሮት አጠራር።

«ተኝቷል» ብላ መጋረጃውን ገለጠች። አልጋው በወጉ ተነጥፏል፤ ማንም አልነበረበትም። እሷ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ቀስ በሉ» አለችን።

ስንወጣ ጎረቤቷ አጥሩ ጋ ጠበቀችን። «ልጁ እኮ ዓመት ሳይሞላው ነው የሞተው» አለችን። «ዕድሜውን ግን ትቆጥርለታለች።»

ተማሪዋ ፎርሙን እንደያዘች «ምን ላድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ። አሠራሩን ላሳያት የመጣሁት እኔ ብሆንም፣ ይህን ያስተማረኝ አልነበረም። ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነገርናት፤ ሄዳ እንደምታያት ቃል ገባችልን። ፎርሙን ከምርምሩ አወጣሁት። መቅደድ ግን አልቻልኩም።