ለኩርሙክ ያነሳኋት የበቆሎ ፍሬ

ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ ስትሠራ አጠገቧ የምቀመጥበት በርጩማ ነበረኝ። ቢሮዋ አሶሳ የምንኖርበት የኪራይ ቤት የፊተኛው ክፍል ነበር። ዩኒቨርሲቲ እንደጨረሰች ለአንድ የክልል መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የመሥራትና የመከታተል ኮንትራት አገኘች። ለእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ገጽ አለው፤ የሥልጠናና የሥራ ማስታወቂያ ይወጣበታል። ከዚያ በፊት ሰው ማስታወቂያ ለማንበብ ከየወረዳው እዚህ ድረስ መጥቶ ሰሌዳ ፊት ይጋፋ ነበር።

እኔ የቡለን ገበሬ ልጅ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሹፌር የነበረው ባለቤቴ ወደ አሶሳ ሲመደብ ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ ቢሮዎቹ ወንበር እንኳ አልሞላላቸውም ነበር። ልጄን እዚህ አሳደግኩ። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን ለምንም ነገር ማንበቤን የፈለገ ሰው አልነበረም፣ እስከዚያ ሥራ ድረስ።

ሥራው እንዲህ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር ሲቀይር፣ ስልክ ቁጥርም ይሁን ቀን፣ ልጄ የየወረዳውን ገጽ አንድ በአንድ እየከፈተች ታርማለች። እኔ በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። እንዳንሳሳት ብዬ ያመጣሁት ዘዴም ነበር፦ ሁለት ስኒ፣ ለአንድ ወረዳ አንድ የበቆሎ ፍሬ። ገጹ ታርሞ መልሼ ሳነበው ልክ ከሆነ ፍሬዋን ከቀኙ ስኒ አንስቼ ግራው ውስጥ እጨምራታለሁ። የቀኙ ባዶ ሲሆን ሥራው አለቀ ማለት ነው። ልጄ መጀመሪያ ስቃብኝ ነበር። በኋላ ግን «እማዬ፣ ስኒዎችሽን አምጪ» ማለት ጀመረች። እንዲያ ስትለኝ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አንድ ቀን ዓይኗን እያሸች፣ «ፍሬምወርክ የሚባል ነገር አለ እኮ፣ እማዬ» አለችኝ።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«ሌሎች ሰዎች አስቀድመው የሠሩት ማዕቀፍ ነው። እኔ ሁሌ ከዜሮ የምጀምረውን እሱ ይዞልኝ ይመጣል። ቀኑን አንድ ቦታ ብቻ እጽፈዋለሁ፤ ገጾቹ በሙሉ ከዚያ ይወስዳሉ። ሰፈሩ በሙሉ ከአንድ ቦኖ እንደሚቀዳው ማለት ነው።»

«ቦኖው የተበላሸ ቀንስ? ሰፈሩ በሙሉ ሊጠማ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ገና ሳይከፈት ታበላሺዋለሽ?»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሥራውን ወደሱ ለማዛወር ሦስት ሳምንት። ቢበዛ አንድ ወር።»

«ወር ሙሉ አዲስ ነገር ስትሞክሪ ኮንትራቱን ለሌላ ይሰጡብሻል። የሚሠራውን አትንኪ፣ የኔ እናት። እማዬ ትሙት በይኝ።»

«ኧረ እማዬ!»

«በይኝ።»

አለችልኝ። በእኔ ሞት ካስማልኳት በኋላ እንደማታፈርስ አውቅ ነበር።

ስለ ኮንትራቱ የተናገርኩት ከልቤ ነው። የባሰውን የምትፈራ እናት ነኝ፣ አሁንም። ነገር ግን ያልነገርኳት ሌላ ምክንያት ነበረኝ። ቀኑ አንድ ቦታ ከተጻፈ የሚያነብላት ሰው አያስፈልጋትም። በርጩማዬን እያሰብኩ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የጤና ሥልጠና ምዝገባ ማስታወቂያ ወጣ፣ እስከ ዓርብ። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ ምዝገባው ረቡዕ እንዲዘጋ ተወስኗል አለ። ወዲያው ተቀምጠን ማረም ጀመርን። እኩሌታውን እንዳለፍን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል፣ «ልብሱ አለቀልሽ!» ብላ ጮኸች። ሁለታችንም የተሰጣውን ልብስ ልናነሳ ሮጠን ወጣን።

ስንመለስ አንዲት ፍሬ እርጥብ መዳፌ ላይ ተለጥፋ ነበር። የኩርሙክ ናት፤ ስንነሳ እሱ ላይ ነበርን። ገጹን አርመን ግራው ስኒ ውስጥ ላኖራት ስል ነው ያነሳኋት ወይስ ገና ልናርም ስንል? አላስታወስኩም።

«የት ደረስን?» አለች ልጄ ፀጉሯን እያራገፈች።

አላስታውስም ማለት ይቻል ነበር። ገጹን እንደገና መክፈት ምንም አያስከፍልም። ግን ስኒዎቹ የኔ ናቸው፤ ስህተት እንዳያልፍ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ፍሬዋን ግራው ስኒ ውስጥ ጣልኳትና፣ «ኩርሙክ አልቋል። የመንጌ ተራ ነው» አልኩ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ልጄ ዕቃ ልትገዛ ወጥታ ሳለ ባጃጅ ደጃችን ቆመ። አንድ ሽማግሌና አንዲት ልጅ ወረዱ። ልጅቷ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ የትምህርት ማስረጃዋን በፕላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«ሰላም አለይኩም» አሉ አባትየው፣ አማርኛው እየከበዳቸው። «ያ ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው እዚህ ነው? የቢሮ ዘበኛው ወደዚህ ሂድ አለ።»

«የለችም፣ አባቴ። ምን ልታዘዝ?»

ከገጹ የታተመ ወረቀት ዘረጉልኝ። «ልጄ አስረኛ ጨርሷል። ከኩርሙክ መጣን። ወረቀት ዓርብ ይላል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ቢሮ ሄድን፣ ትናንት ተዘጋ አለ። እንዴት ነው?»

ወረቀቱን አነበብኩት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ሁለት ጊዜ። ዓርብ ይላል።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ተቀመጡ፣ ልጄ ትምጣ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የታየኝ የልጄ ኮንትራት ሲቀደድ ነው። «ስለ ቀኑ የሚያውቀው ቢሮው ነው። እኛ የሰጡንን ነው የምንጽፈው» አልኳቸው።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አባትየው ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «መዓሌሽ» አሉኝ። በእነሱ ዘንድ ግድ የለም፣ አይዞሽ እንደማለት ነው። ያጽናኑት እኔን ነበር።

ልጄ ስትመለስ፣ «እስቲ የኩርሙክን አንድ ጊዜ እይልኝ» አልኳት። ከፈተችው።

«ውይ! ይቺን ዘለናታል!» ወዲያው አረመችው። «ማንም አልመጣም አይደል?»

«ማንም።»

ከዚያ በኋላ ምግብ አልበላልሽ አለኝ። ሳምንት ሲሞላኝ፣ ልብስ እያጣጠፍን ሳለ፣ ሁሉንም ነገርኳት፤ የፍሬዋን፣ የሽማግሌውን፣ የልጅቷን ጫማ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ያጣጠፈችውን ልብስ ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«የተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር እኮ እስከ ዓርብ ማታ አልተላከም ነበር፣ እማዬ። ያን ቀን ብትነግሪኝ ሄጄ ስህተቱ የኔ ነው እላቸው ነበር። ያስገቧት ነበር።» ከዚያ፣ «ስልክ ትተዋል?» አለችኝ።

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ስሟንስ?»

ስሟንም አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ከመሐላው ፈታኋት። ልጄ ሥራውን ወደ አዲሱ ፍሬምወርክ አዛወረችው። ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹ ገጽ አልከፈት አለ፤ ከመሥሪያ ቤቱም ቁጣ መጣ። የፈራሁት ሊደርስ ነው ብዬ ደጅ ደጁን ሳይ ሰነበትኩ። ወር አልፎ ሲያልቅ ግን ኮንትራቱ እዚያው ነበር፤ ቀድሞ ቀን ሙሉ የምናርመው ነገር ደግሞ እኔ ዳቦ ገዝቼ እስክመለስ ያልቅ ጀመር። ቀኑ ባዶ ከሆነ ማሽኑ ራሱ አልቀበልም ይላል። ገጹ በትንሽ ስልክም ሳይጣበብ ይነበባል። ያ ሁሉ የተረፈ ጊዜ ለልጄ ሌላ ሥራ አመጣላት።

«ቦኖው ቢበላሽስ?» ብዬ አሁንም ጠየቅኳት።

«ከተበላሸ ሰፈሩ በሙሉ ይጮሃል፤ ያን ጊዜ እንሰማለን» አለችኝ። «የኩርሙኩ ግን ብቻውን ተሳስቶ ማን ሰማ?»

ልትወቅሰኝ ፈልጋ አልነበረም።

በዓመቱ የሥልጠናው ማስታወቂያ እንደገና ወጣ። ልጄ ቀኑን አንድ ጊዜ ጻፈችው፤ በየወረዳው ገጽ በአንዴ ታየ። ስኒዎቹን አላመጣሁም። ለሥልጠናው የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር ሲወጣ ግን፣ «የኩርሙክን ክፈችልኝ» አልኳትና በርጩማዬን አስጠጋሁ።

የሴቶቹን ስም በጣቴ እየተከተልኩ አንድ በአንድ አነበብኩ። ጨረስኩና ከላይ ጀመርኩ። እያንዳንዷ ያቺ ጫማዋ የጨቀየ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ላትኖርበትም ትችላለች።

«እማዬ፣ ይበቃል» አለችኝ ልጄ።

«አንዴ ብቻ» አልኳትና ለሦስተኛ ጊዜ ጣቴን ከላይ አሳረፍኩ።